ቬኒስ በእንጨት ላይ

ቬኒስ የደረሰ ሰው ሁሉ ጎንዶላ የሚባለውን ጀልባ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ዋጋውን ሰማሁና ወደ ኮረር ሙዚየም አቀናሁ። የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ፣ ከባዚሊካው ፊት ለፊት ነው። የፈለግኩት ሠዓሊው ያኮፖ ደ ባርባሪ የሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ1500 የታተመውን የከተማዋን ምስል ነበር።

ወርዱ 2.8 ሜትር ገደማ ነው። ቬኒስ ከሰማይ እንደታየች ሆና ተዘርግታለች። ያኔ አውሮፕላን የለ፣ ፊኛ የለ! ከደወል ማማዎች ላይ እያዩ ሰፈር በሰፈር የገጣጠሙት ሳይሆን አይቀርም። ያሳተመው አንቶን ኮልብ የሚባል የኑረምበርግ ነጋዴ ነው። ሥራው 3 ዓመት ፈጀብኝ ብሎ፣ ሌላ እንዳይቀዳበት መንግሥትን መብት ጠየቀ። ብልጥ ነጋዴ።

እኔን ያፈዘዘኝ ግን ወረቀቱ ሳይሆን እንጨቱ ነው። ምስሉ የታተመባቸው 6 የእንጨት ሰሌዳዎች ዛሬም እዚያው አሉ። ጽሑፉ ተገልብጦ ነው የተቀረጸው፤ ሲታተም ይቃናል። ቀራጩ የማይታተመውን እንጨት ፈልፍሎ አውጥቶ መስመሩን ብቻ አስቀርቷል። መስኮቱ፣ ጭስ ማውጫው፣ የመርከቡ ገመድ ሳይቀር አለ። ቢላዋው አንዴ ቢያመልጠውስ? እኔን ሳየው ራሱ ጨነቀኝ።

የቅዱስ ማርቆስ ማማ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ታያላችሁ። በ1489 መብረቅ መትቶት ስለነበር ጊዜያዊ ክዳን ለብሶ ነው። የሪያልቶ ድልድይም ገና እንጨት ነው፤ መሃሉ ለመርከብ ይከፈታል። የአሁኑ የድንጋይ ድልድይ ያለቀው በ1591 ነው።

ከሙዚየሙ ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይታለፋል። እዚያ መነኩሴው ፍራ ማውሮ በ1450 አካባቢ የሠራው የዓለም ካርታ አለ። ይሄ በእጅ የተሳለ ነው። ደቡቡ ወደ ላይ ስለሆነ አገራችንን ከላይ በኩል ፈልጉ። አባይና አዋሽ በስማቸው አሉ። መነኩሴው ካርታው ላይ እንደጻፈው፣ አውራጃውንና ወንዙን በእጃቸው ስለው ያሳዩት የአገሩ ተወላጅ ካህናት ናቸው። እዚህ ጋ ብዙ ቆየሁ፤ ዘበኛው ሳይጠረጥረኝ አልቀረም።

አሮጌ ህትመት መግዛት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ህትመቱ በእንጨት ፈንታ በመዳብ ሰሌዳ የተሠራ ከሆነ፣ ሰሌዳው በማተሚያ ሲጨፈለቅ ወረቀቱ ላይ በምስሉ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ ጠርዝ ይተዋል። ሻጩ የመዳብ ህትመት ነው ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ከሌለ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ነው።