ዳርዝ ቬደር በአንድ ዓይን ወይስ በሁለት?

ስድስት ኪሎ የሄድኩት ለዳርዝ ቬደር ብዬ ነው። ስታር ዋርስ በሚባለው የጠፈር ፊልም ውስጥ ላለው ባለ ጥቁር ጭንብል ክፉ ሰው።

የአጎቴ ልጅ ሰዓሊ ነው። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እዚያው አዲስ አበባ ቀረ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሁለታችንም በስታር ዋርስ ያበድን ነን። እኔ አዳማ ሆኜ አያለሁ፣ እከራከራለሁ። እሱ ይስላል። በቅርቡ ደግሞ የፊልሙን ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስልት መሥራት ጀምሯል። አድናቂ ለሚወደው ታሪክ በራሱ እጅ የሚሠራውን ሥዕል ፋን አርት ይሉታል፤ ሁለት ዓለም ሲቀላቀልበት ደግሞ ማሽአፕ። አንዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ቬደር ወርቃማ ቢጫ መደብ ላይ ቆሟል። ዳር ዳሩን ሐረግ ዞሮታል። የጭንብሉ ሁለት ዓይኖች ፍጥጥ ብለው ያዩኛል። ሲያምር! ግን የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። ምን እንደሆነ መናገር አቃተኝ። "በቃ ነይና አብረን እንይ" አለኝ። በማግስቱ በጠዋት ከአዳማ ሚኒባስ ያዝኩ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው። ጎብኚው የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት ይቸኩላል። እኛ በቀጥታ ወደ ሥዕሎቹ ሄድን። እንጨት ላይ የተሣሉ ማርያሞች፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሥዕሎች፣ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ። ያ ክፍል ብቻውን ግማሽ ቀን ያውላል።

እዚያ ቆሜ ነው የጎረበጠኝ ነገር የገባኝ። ዓይን ነው።

በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል። ሁለት ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ያዩሃል። ክፉ ግን በጎን ነው። አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው። ሰይጣን በጎን ነው። በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳ በጎን ነው። ክርስቶስን የሚገርፉት ወታደሮችም እንደዚያው። ማንበብ የማይችል ምዕመን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ምን እንደሆነ በአንዴ ይለያል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ ፕላኔት ያስጨነቀውን ሰውዬ እንደ ጻድቅ ፊት ለፊት አቁሞታል!

"ሕጉን እኮ አውቀዋለሁ" አለ። "ግን ጭንብሉ የሚያምረው ፊት ለፊት ሲሆን ነው።" እውነቱን ነው፣ ያምራል። ይሁንና ለእኔ ማሽአፕ ማለት ሮቦት ላይ ነጠላ ማልበስ አይደለም። ያንን ማንም በስልኩ ይሠራዋል። የአሳሳሉ ሕግ ታሪኩን እንደ አዲስ ሲተርከው ነው ልቤ የሚሞቀው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። የፈረንጅ ፊልምን ከአባቶች ሥዕል ምን አገናኘው ይላል። ስጋቱ ይገባኛል። ግን የጎንደር ሰዓሊዎችን እንይ። በ1591 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመ ባለ ሥዕል የአረብኛ ወንጌል እጃቸው ገብቶ ነበር። ሥዕሎቹን አጥንተው ወሰዱ። ፊቱን፣ ልብሱን፣ ቀለሙን ግን የራሳቸው አደረጉት። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስም በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነው። ነገሥታቱ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ሰዓሊዎቻችን ደጋግመው በራሳቸው ስልት ቀድተውታል። እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ እስኪወስዱት ድረስ እዚሁ ነበር። ከውጭ የመጣን ምስል ተቀብሎ ማዋሃድ ለእኛ ሰዓሊዎች እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ስታር ዋርስ ራሱስ ቅልቅል አይደል? ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን የ1958 እ.ኤ.አ. ፊልም አይቶ ብዙ ተምሮበታል። የጠፈር ውጊያውን ያቀናበረው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ውጊያ ፊልሞችን እያየ ነው። የበረሃው ፕላኔት የተቀረጸው ቱኒዚያ ውስጥ ነው። የቬደርን መልክ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያወጣው ደግሞ ራልፍ ማክዋሪ የሚባል ሰዓሊ ነው። ሰውዬው ከመርከብ ወደ መርከብ አየር በሌለበት ይሻገራል ተባለ፤ እንግዲያው መተንፈሻ ያስፈልገዋል ብሎ ጭንብል ሠራለት። ያ ሁሉ ዓለም የሚያውቀው ፊት የመጣው ከአንድ ሰዓሊ ጥያቄ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከስድስት ኪሎ በእግር ወረድን። አራት ኪሎን አልፈን ፒያሳ ማኪያቶ ጠጣን። ፒያሳ በጣም ተቀይሯል፤ የማውቃቸው ሱቆች የሉም፣ መንገዱ ሰፍቷል። ጊዮርጊስን ተሳልመን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት ያዝን። እዚያ የባህል ዕቃ ሱቆቹ በራፍ ላይ የአድዋ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። በእነሱም ላይ ሕጉ ይሠራል። የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው፣ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው። ከላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይመጣል፤ ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ነው፣ በዕለተ ቀኑ።

የአጎቴ ልጅ ስልኩን አወጣና ሌላ ሥራውን አሳየኝ። ያንኑ የአድዋ አቀማመጥ ወስዶ በጣሊያኖቹ ፋንታ የክፉዎቹን ነጭ ለባሽ ወታደሮች ስቶርምትሩፐሮችን፣ በእኛዎቹ ፋንታ የደጎቹን ተዋጊዎች ጄዳዮችን ሠርቷል። ቅንብሩ ድንቅ ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም፣ ነገርኩትም። አድዋ ላይ የሞተው እውነተኛ ሰው ነው። የኔ ቅድመ አያት፣ ያንተ ቅድመ አያት። አውጥቶ በቦታው የፊልም ገጸ ባሕርይ መተካት ይከብደኛል። "ክብር ለመስጠት ነው የሠራሁት" አለ። ማክበሩን አልተጠራጠርኩም። መንገድ ላይ ቆመን ድምፃችን ከፍ እስኪል ተከራከርን።

ክርክሩን የሰሙት አንድ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓሊ ናቸው፤ እጃቸው ላይ ቀለም አለ። ሥዕሉን እንድናሳያቸው ጠየቁን። የቬደርን አሳየናቸው።

"ይሄ ሰውዬ ማነው ልጄ?"

"የፊልም ነው ጋሼ።"

"እሱስ ይሁን። ክፉ ነው ደግ?"

"ክፉ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ይመለሳል።"

"ይመለሳል ስትዪ?"

"ንጉሡ ልጁን ሊገድልበት ሲል አንስቶ ገደል ይጨምረዋል። እሱም በዚያው ይሞታል።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው ሁለት ጊዜ ሣሉት" አሉ።

ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ጥቅል ይዘው መጡና ዘረጉት። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው፤ በረድፍ በረድፍ የተከፋፈለ፣ 44 ትንንሽ ሥዕል ያለው። ዘንዶው ከሚገደልበት ተነስቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይሄዳል። ኮሚክ የሚባለው ነገር እኛም ጋ በዚህ መልክ አለ፤ በየቱሪስቱ ሻንጣ ስለሚሄድ ልብ አንለውም እንጂ። ሽማግሌው በጣታቸው ረድፎቹን እያሳዩ "ክፉ እስከሆነ ድረስ በጎን ይሂድ። የተመለሰ ዕለት ፊቱን አዙሩት" አሉ።

እኔና የአጎቴ ልጅ ተያየን። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም መጨረሻ ላይ ቬደር ሊሞት ሲል ልጁን ጭንብሉን አውልቅልኝ ይለዋል። ልጁ ትሞታለህ እኮ ሲለው፣ አንዴ እንኳ በገዛ ዓይኔ ልይህ ብሎ ይለምነዋል። ያን ቦታ ስንት ጊዜ አይቼ አልቅሻለሁ። ሽማግሌው ፊልሙን አያውቁትም። ያወቁት ሕጉን ነው፤ እሱ ደግሞ በቀጥታ እዚያች ቦታ ላይ አደረሳቸው። ጭንብሉ እስካለ አንድ ዓይን፣ ጭንብሉ ሲወልቅ ሁለት። ከዚህ የተሻለ አሳሳል አይታየኝም።

"አክሊለ ብርሃን ግን እንዳታደርጉለት" ብለው አስጠነቀቁን። "እሱ የቅዱሳን ብቻ ነው።" ሁለታችንም እሺ አልን። ዮዳንም አሳየናቸው፤ ያንን አጭር አረንጓዴ ሽማግሌ መቋሚያ አስይዞ እንደ ባሕታዊ ሠርቶታል። ዓይኑ ቀድሞም ትልልቅ ስለሆነ ምንም አልተነካም። ሳቁና "ይሄ የኛው ሰው ነው" አሉ።

ቀለምና አቡጀዲ ገዝተን ወደ ቤቱ ሄድን። ሲስል ለግድግዳው ነው፤ ቲሸርት ላይ አትሞ አይሸጥም። ስታር ዋርስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዲዝኒ ንብረት ነው፣ እሱም ሰው የፈጠረውን ነጥቆ መነገድ አይፈልግም። በዚህ በኩል እኮራበታለሁ። ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግተን በእርሳስ ከፋፈልነው። የአድዋውን ሥዕል ለጊዜው ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ከዚያ አርቱ ዲቱ ላይ ደረስንና ቆምን። ትንሹ ሮቦት በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ ታማኝ ነው። ግን ያለው አንድ ዓይን ነው፤ ፊት ለፊት ብታቆመውም ያው አንድ። በሕጉ ከሄድን ከይሁዳ ጋር ሊመደብ ነው። ለሽማግሌው ደወልን።

"ሰው ነው?" አሉ።

"አይደለም ጋሼ፤ ማሽን ነው። ግን ያገለግላል፣ ጌታውን አይከዳም።"

"የጊዮርጊስን ፈረስ አላያችሁም እንዴ? አብዛኛውን ጊዜ በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው። ፈረሱን ክፉ ነው ያለው ማነው? እንደ ፈረሱ ሣሉታ!"

የአጎቴ ልጅ ስልኩን ሳይዘጋ እርሳሱን አነሳ።