«አንቺማ ምን ይቸግርሻል» ለምትሉኝ

ሰሞኑን ሐይቅ ከተማ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ዲቪ ደረሳትና ደወለችልኝ። ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀችኝ፤ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ስለ ቋንቋው ግን አንድም አልጠየቀችኝም። «አንቺማ ምን ይቸግርሻል! እኔስ ብሆን ስንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ!» አለች። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለምታስቡ ሁሉ ነው።

እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ራን ማለት መሮጥ ነው» ብዬ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ትክክል ነው። ግን እዚህ አሜሪካ ቃሉ ሲሮጥ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ጠዋት ፈረቃ ስንረካከብ ያደረችው ነርስ ወረቀቷን ይዛ ታነበንባለች። አንዷ እናት ትኩሳት አላቸው፤ «ራን» አለች። የአንዱ አባት አፍንጫ ይፈሳል፤ «ራን»። ገንዳው ውሃ ይሞላ፤ «ራን»። የደም ምርመራ ይሠራ፤ «ራን»። ጓንት እያለቀ ነው፤ ይኸም «ራን»። ሐኪሙ ይዘገያል፤ እሱም «ራን»። መጨረሻ ላይ ስለ አንዲት እናት «ዘ ራንስ» አለች። ተቅማጥ ማለቷ ነው። እሱን «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» አልኳት። የሰው ጤና ነዋ! በግምት አይሠራም።

አልደገመችውም። ሁለት ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ አቆመች። እንደ እግር እያፈራረቀች ከወረቀቱ እስከ ቡና ኩባያዋ አስሮጠቻቸው። ጥፍሯ ቀይ ነው፤ የአንደኛው ቀለም ጫፉ ላይ ተልጧል። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ «ራን... ገባሽ? እናንተ ኢትዮጵያውያን ሯጮች አይደላችሁም እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ስንት ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው፣ ጣት እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ያ የተላጠ ጥፍር ዛሬም ፊቴ ላይ አለ።

ሩጫውን ካነሱማ፣ ደራርቱ ቱሉን ያበቀለችው የአርሲዋ በቆጂ ናት። እኛ ወሎዎች የምንታወቀው በትዝታው፣ በባቲው፣ በአምባሰሉ ነው። በረካው ሳይጠጣ ከቡና የሚነሳ ሰው እኛ ዘንድ ነውረኛ ነው። ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ መንገድ ላይ የሚሮጠው ፈረንጁ ነው።

ማታ እማዬ ደወለች። ድምፄን ሰምታ ምን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀችም፤ «አብሽሪ ልጄ» አለችኝ። ለታመመም አብሽር፣ ለከሰረም አብሽር፣ ሐዘን ለተቀመጠም አብሽር። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል ማንም ጣት እያስሮጠ አያስረዳም። ለእንግዳ ይነገረዋል፤ ካልገባው ይደገምለታል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ራን» ለሚለው ለአንድ ግስ ብቻ 645 ፍቺ ለይተዋል። ሥራውን የያዙት ፒተር ጊሊቨር 9 ወር ፈጅቶባቸዋል። ፋብሪካና ባቡር ሲመጣ ማሽኑም ሞተሩም «ይሮጣል» ተባለ፤ ኋላ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ተከተለ። ሱቅ ማስተዳደርም «ራን» ነው። አሜሪካኖች ለምርጫ «ይሮጣሉ»፤ እንግሊዞች ለዚያው ምርጫ «ይቆማሉ»። እኛን ትኩሳት ይይዘናል፤ እነሱ ትኩሳቱን ያስሮጡታል።

የእኛም ቢሆን ቀላል አይደለም። አንዲት ጃማይካዊት ባልደረባዬ አማርኛ አስተምሪኝ ብላ «በላ»ን ነገርኳት። ቡድኑ ዋንጫ በላ። ሹሙ ጉቦ በላ። ልጁ ዱላ በላ። ብረቱን ዝገት በላው። ሰውየው ቃሉን በላ። እጄን በላኝ ስንል ደግሞ አሳከከኝ ማለታችን ነው። «ስትበሉ ነው እንዴ የምትውሉት?» ብላ በሳቅ ሞተች። «ዘ ራንስ» ምን እንደሆነ በጆሮዬ ሹክ ያለችኝም እሷ ነበረች፣ በዚያው ጠዋት።

እና እህቴ፣ ዲቪው ደርሶሽ ከሆነ ስሚኝ። ነጠላ ቃል መሸምደዱን ተይው። የሰማሽውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፊው፤ የት ቦታ፣ ማን እንዳለው ጭምር። ያልገባሽን በተለይ ሥራ ቦታ አስደግሚ፤ ማንም ቢስቅ ይሳቅ። መድኃኒት ወይም ፊርማ ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ ሳይገባሽ እሺ እንዳትዪ። ቀይ መብራት «ራን» አደረግሽ ከተባልሽ ጥሰሽ አለፍሽ ማለት ነው፤ ቅጣት አለው።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቂው መኪና መሸጫ ቤት ነው። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ክሬዲትሽን ራን ላድርገው?» ይልሻል። ቀላል ነገር ይመስላል። የብድር ታሪክሽን ሊያስመረምር ነው፤ አበዳሪ እንዲያ አጥብቆ ሲመረምረው ደግሞ የክሬዲት ነጥብሽ፣ ማለትም ለብድር ያለሽ ታማኝነት የሚለካበት ቁጥር፣ ሊቀንስ ይችላል። አገር ገብተሽ ገና ነጥብ ስትሰበስቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መኪናውን ለመግዛት ሳትቆርጪ እሺ አትበዪው። መጀመሪያ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፎ ይስጥሽ።