የዓይን ሞራ፣ የደነዘዘ እግር እና ሞተር ሳይክሌ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንድ አይሱዙ መብራቱን ሳይቀንስ ፊት ለፊት መጣብኝ። መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ተበተነና መንገዱን በሙሉ ሸፈነው። መኪናው ሲያልፍ ከፊቴ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ከሰል የተጫነች አህያ ቆማ አየሁ። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ለጥቂት አመለጥኩ፤ የቀኝ ስፖኪዮው ግን ከጆንያው ጋር ተላትሞ ተሰበረ። ባለአህያው «አይታይህም እንዴ አንተ!» ብሎ እየሮጠ መጣ፤ ሄልሜቴን አውልቄ ሽበቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ አባቴ፣ ተረፉ?» አለኝ። ከስድቡ ይልቅ ያሳፈረኝ ይቅርታው ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ ትክክል እንደሆነ እኔ ልቤ ያውቃል።

ሞተር ሳይክል መንዳት የጀመርኩት በ1975 ዓ.ም. የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስቀጠር ነው። ክትባት በበረዶ የታጨቀበትን ሣጥን ከኋላዬ አስሬ፣ ከብት ወደ ተሰበሰበበት ሜዳ ሁሉ ሄጃለሁ። ያን ጊዜ ዋናው ሥጋታችን ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ሲታወጅ በዚያ ሥራ ውስጥ ላሳለፍኩት ጊዜ ከማንኛውም ሽልማት በላይ ሆኖ ተሰምቶኛል። ጡረታ ስወጣ የለመድኩትን ዓይነት ያማሃ ዲቲ 125 ገዝቼ፣ ከከተማው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ቦታ ወዳሉኝ የንብ ቀፎዎች እመላለስበት ጀመር። ስለዚህ ሞተሩን ተው መባል ለእኔ መጓጓዣ እንደ መቀየር ብቻ አልነበረም።

ከአህያዋ በኋላም ጥፋቱን በዓይኔ ላይ ለመጣል አልደፈርኩም። የፊት መብራቱን አምፖል ቀየርኩ፤ የሄልሜቱ መስታወት ተጫጭሯል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ የአካባቢያችንን አቧራ ወቀስኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከለቅሶ ቤት ተመልሳ «ሰዎች ኮርተሃል እያሉህ ነው፤ በአጠገባቸው ታልፋለህ፣ ሰላም አትልም» ስትለኝ ግን የማመካኝበት ነገር አጣሁ። አልኮራሁም፤ ፊታቸውን ለይቼ አላይም ነበር። ያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ሐኪም አልሄድኩም፤ አንድ መነጽር ሻጭ ሞራውን ያሟሟል ብሎ የሰጠኝን ጠብታ አራት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ አደረግኩ። ክብደት እየገመትኩ ለበሬ መድኃኒት ሳዝ የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ዓይን ምንነቱን ሳልጠይቅ ጠብታ መግዛቴ እስካሁን ያናድደኛል።

የካቲት ላይ የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ነበረች። በስድስት ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እያሳየች የምልክቶቹን አቅጣጫ በእጄ እንድጠቁም ስትጠይቀኝ፣ በግራ ዓይኔ መካከሉ ድረስ ወረድኩ፤ በቀኙ ግን ትልቁን ምልክት እንኳ አላየሁትም፤ ቀርባ የዘረጋቻቸውን ጣቶች ብቻ ነው የቆጠርኩት። ችግሩ የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን ነገረችኝ። ሞራ ስንል በበሬ ሆድ ዕቃ ላይ የሚዘረጋውን ነጭ ስብ ስለማውቅ፣ በዓይኔ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር የተጋረደ ይመስለኝ ነበር። እርሷ እንዳስረዳችኝ ግን ከላይ የበቀለ ምንም ነገር የለም፤ የደፈረሰው በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ራሱ ነው፤ ስለዚህም የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከመተካት በቀር መልሶ የሚያጠራው ጠብታ የለም። የእኔን ያፋጠነው ደግሞ በደንብ ያልተቆጣጠርኩት ስኳሬ ሳይሆን አይቀርም። በባዶ ሆዴ ሲለካ 210 ስለተገኘ፣ ቁስሉ በሰላም እንዲድንና እንዳይመረቅዝ መጀመሪያ ስኳሩ ይውረድ ተብሎ ቀዶ ሕክምናው ወደ ሚያዝያ ተላለፈ። ሞተሩ እስከዚያው እንዲቆም አዘዘችኝ፤ ቁልፉን ባለቤቴ ወሰደችው።

አሁን ዋናውን ጥፋቴን ልናገር። በምርመራው ቀን ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠየቅ የስኳሩንና የደም ግፊቱን ብቻ ተናገርኩ። ለፕሮስቴት የምወስደውን ታምሱሎሲን የተባለ እንክብል ግን ዋጥኩት፤ ጠያቂዋ የልጄ እኩያ ስለነበረች የሽንቴን ነገር ማንሳት ነውር መሰለኝ፣ ደግሞስ ሽንትና ዓይን ምን አገናኛቸው? በቀዶ ሕክምናው ዕለት ግን የዓይን ብሌን የሚከፍተው ጠብታ ተደጋግሞ ቢደረግልኝም ብሌኔ እንደሚፈለገው አልከፈት አለ። ሐኪሟ መጥታ በትንሽ ባትሪ አየችኝና «አባቴ፣ ለሽንት የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ በቀጥታ ጠየቀችኝ። ወረፋ የሚጠብቁ አምስት ሰዎች ባሉበት አዎን አልኩ። መድኃኒቱ የፕሮስቴትን ጡንቻ እንደሚያላላ ሁሉ በብሌን ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ክፍል፣ አይሪስ የሚባለውንም ያላላዋል። የላላው አይሪስ በቀዶ ሕክምናው መካከል እንደ ጨርቅ ይርገበገባል፣ ብሌኑም ይጠብባል፤ ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሐኪም ይቸገራል። እንክብሉን ለጥቂት ቀናት ማቋረጥ እንኳ አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪሙ አውቆ ከተዘጋጀ ግን ብሌኑን የሚያሰፋ መድኃኒት በዓይን ውስጥ መስጠትና አሠራሩን መለወጥ ይችላል። እኔን ወደ ወረፋው መጨረሻ አዛውረው ተዘጋጁልኝ። ዛሬ የትኛውም ክሊኒክ ስሄድ የምውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛ ላይ እዘረግፋለሁ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የምለው ብዙ አይደለም። በዓይኔ ዙሪያ የተሰጠኝ ማደንዘዣ መርፌ ነው ያመመኝ፤ ከዚያ በኋላ መነካካቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማም። ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ የማየው ነገር ቢኖር ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ብቻ ሆኖ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለቀ። በጠባብ ቀዳዳ ሌንሱን አውጥተው አዲሱን አስገቡ፤ ቀዳዳው በራሱ ስለሚዘጋ አልሰፉትም። ያስፈራኝ ሳል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለባለ ከብት «ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ እንዳይነቃነቅ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የምያዘው እኔው ሆኜ አረፍኩት።

በማግሥቱ መሸፈኛው ሲነሣ መጀመሪያ ያየሁት ጋቢዬን ነው። ነጭ ነበር። ዓመት ሙሉ ቢጫ ሆነ፣ አጥሪው እያልኩ ባለቤቴን ስነዘንዛት የኖርኩት በራሴ ሌንስ ቢጫነት ነበር፤ እርሷም ይህን አልረሳችልኝም። ቤት ስደርስ በረንዳ ላይ ወደቆመው ሞተር ሄድኩ። የኋላው ጎማ ጎኑ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ የፊት ፍሬኑ ሽቦ ከመያዣው ሥር ተበጣጥሶ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥሏል። በየሳምንቱ አጥብቤ እመረምረው የነበረ ሞተር ነው። እመረምር የነበረው በእጄ እየዳበስኩና ባለፈው ያየሁትን እያስታወስኩ መሆኑን ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠብታዎቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ አንዱ ጀርም የሚከላከል፣ ሌላው እብጠትን የሚቀንስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በየሳምንቱ እየቀነሰ ከወር በላይ ቆየ። እርሱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥም ማራዘምም ጉዳት አለው፤ ሲራዘም የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ዓይንን ማሸት፣ ውኃ ማስነካት፣ ጭስ ያለበት መቀመጥ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ማጎንበስ ሁሉ ተከለከለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ሰሙነ ሕማማት ገባና ስግደቱ ጭንቅ ሆነብኝ፤ የንስሐ አባቴ ግን ሳልጨርስ አቋርጠውኝ «ቆመህ ጸልይ፣ ሐኪሟን ስማ» አሉኝ። ሄልሜቱን ደግሞ ማንም አስቦ አልነገረኝም። ጠባብና ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ሲጠለቅም ሲወልቅም ቅንድብና ጉንጭን ይዞ ይጎትታል፤ ራሴ ጠይቄ ነው ቁስሉ እስኪድን እንዳታደርገው የተባልኩት።

የግራው ዓይኔ ሐምሌ ላይ ተሠራ። በመካከል ያሉት ሦስት ወራት አንዱ ዓይኔ ጥርት ብሎ፣ ሌላው ጭጋግ ሆኖ ያለፉ ናቸው፤ ርቀት መገመት ተስኖኝ ቡናዬን ከሲኒው ውጭ ቀድቻለሁ፤ ደረጃ ስወርድ የመጨረሻውን እርከን በእግሬ እየፈለግኩ ነው። አንድ ዓይን ድኗል ብሎ ሞተር ላይ ለመውጣት የሚቸኩል ሰው ይህን ያስብበት። ሌንሱ ሲመረጥ ሩቁን ነው ወይስ ቅርቡን ያለ መነጽር ማየት የምትፈልገው ስባል ሩቁን መረጥኩ፤ ለንባብ መነጽር አደርጋለሁ።

ዓይኔ ሲድን ችግሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በመስከረም ሞተሩን አስነስቼ ከግቢ ስወጣ ግን የኋላውን ፍሬን ልይዝ ቀኝ እግሬን ስጫን፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ይሁን መርገጫው ላይ መለየት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ማየት ነበረብኝ። የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ዓይኔን አስጨፍነው የውስጥ እግሬን ቀጭን የላስቲክ ክር በሚመስል ነገር ሲነኩኝ፣ ከአሥሩ አራቱን ብቻ ነው «ተሰማኝ» ያልኩት። ነርቩ ደንዝዟል፤ ይህ እንደ ሞራ በግማሽ ሰዓት አውጥተው የሚተኩት ነገር አይደለም፤ ስኳርን ተቆጣጥሮ እንዳይባባስ መጠበቅ ነው ያለው። በእኔ ፍርድ ከዓይኑ ይልቅ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው፤ የማያይ ሰው አለማየቱን ቢያንስ በጭጋጉ ያውቃል፤ የደነዘዘ እግር ግን መደንዘዙን አይናገርም። ማታ ማታ ባለቤቴ ውስጥ እግሬን በመብራት ታይልኛለች፤ በአሸዋ መንገድ ላይ የገባ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ውሎ እንዳቆሰለኝ ያወቅነው እንደዚያ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ደግሞ ጠዋት የስኳር ክኒኔን ውጬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ወደ ቀፎዎቹ ሄድኩ። ስመለስ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ መንገዱ ተንሳፈፈብኝ። ሞተሩን ወደ ዳር አውጥቼ አንድ እረኛ ከሰጠኝ ሸንኮራ አገዳ መጠጥኩና ነፍሴ ተመለሰች። አሁን ኪሴ ከረሜላ አያጣም፤ የመድኃኒቱንም ሰዓት ከሐኪምና ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬ አስተካክያለሁ።

ዲቲውን ለአንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ሸጬ፣ በእግር እየረገጡ ማስነሳት የማያስፈልገው፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ የኋላውም ፍሬን በእጅ የሚያዝ ሞተር ገዝቻለሁ። ጉልበቴም አመስግኖኛል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አልነዳም፤ ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር በላይም አልሄድም። በየወሩ መጀመሪያ የልጅ ልጄ በር ላይ የቆመ መኪና ሰሌዳ ይመርጥና ሃያ እርምጃ ወደኋላ አስቆጥሮ፣ አንዱን ዓይኔን በእጄ እያስሸፈነ ያስነብበኛል። ባለፈው ሳምንት በቀኝ ዓይኔ 3 እና 8ን አምታታሁ። ሐኪሟ እንዳለችው ሞራው አልተመለሰም፤ ከሰው ሠራሹ ሌንስ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሷል፤ ተኝቶ መሠራት የማይፈልግ፣ በጥቂት ደቂቃ ሌዘር የሚከፈት ነው። ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ቀፎዎቹ የምሄደው በባጃጅ ነው፤ ቁልፉም ከባለቤቴ ዘንድ ነው።