«ሌላስ ምን ቀረ?»

ሐዋሳ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ዕቃና ጃኩዚ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ሻጭም ገጣሚም ነበርኩ። በስልክ ዋጋ አንናገርም። «ይምጡና እንነጋገራለን» ብለን እንዘጋለን። ደንበኛው ሲመጣ ደግሞ የገንዳውን ዋጋ ብቻ እንነግረዋለን። «ገጠማ በነፃ ነው» እንላለን። የቀረው ቀስ እያለ ይመጣል።

አንድ ቀን ሐይቁ አጠገብ ፔንሲዮን ያላቸው እናት መጡ። እትዬ እላቸዋለሁ። እንግዶቻቸው ለፍል ውሃ ወንዶ ገነት ድረስ ይሄዳሉ፤ እሳቸውም እዚሁ ሊያዘጋጁላቸው አስበዋል። ሌሎች ሱቆችን ጠይቀው የኛን ረከስ ብሎ አገኙትና ቀብድ ከፈሉ።

ዕቃው የደረሰ ዕለት ጉድ ፈላ። ጫኝና አውራጆቹ ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት ሌላ ሒሳብ ጠየቁ። እኔ ደግሞ መስመሩን አየሁት። ማሞቂያው 3 ኪሎዋት ነው፤ ሶኬቱ ጋ የመጣው ሽቦ ግን ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ነው። ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ብሬከርና ግራውንድ ይፈልጋል። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ፓምፑ እንዳይቃጠል ስታቢላይዘርም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት።

እትዬ አልጮሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ከማሸጊያው ካርቶን ቀደዱና አንድ በአንድ ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው «የኔ ልጅ፣ ሌላስ ምን ቀረ?» አሉኝ።

ከባዱ ነገር ገና ነበር። ገንዳው 1,000 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻውን 1,000 ኪሎ ነው፤ ገንዳውና ሰው ሲጨመር ይብሳል። ወለሉ ይችል እንደሆነ ያየ መሐንዲስ የለም። አለቃዬ በስልክ «ዝም ብለህ ግጠም» ብለውኛል። አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። ሌላም አከልኩ። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 38 እስኪደርስ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እንግዳ ማታ 1 ሰዓት እንዲገባበት ከተፈለገ ቀን 6 ሰዓት ላይ መለኮስ አለበት። ቆጣሪው ያን ሁሉ ሰዓት ይቆጥራል።

መሐንዲሱ መጥቶ አየና ምድር ላይ ይሁን አለ። ጓሮ አስቀመጥነው።

በዚያው ሳምንት ለእትዬም ለሌላው ደንበኛም የሚሰጥ አንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጻፍኩ፤ ገንዳ፣ ማጓጓዣ፣ ተሸካሚ፣ ኤሌክትሪክ፣ የውሃ ማከሚያ፣ ቫት። የገጠማውንም ዋጋ ለብቻው አወጣሁት። በነፃ ማለታችን ያናድደኝ ነበር፤ ሒሳቡን ገንዳው ላይ ደርበን እንደምንቀበል አውቃለሁ። በዚያ ላይ ሥራው ዋጋ ቢስ መሰለ። ውሃ ሞልቶ ሌሊቱን ማሳደር፣ ማጋጠሚያዎቹን በእጅ እየዳሰሱ ፍሳሽ መፈለግ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ማጣሪያ አወጣጥ ማሳየት ቀኔን ሙሉ ይወስዳል። አለቃዬ ደንበኛ ይሸሻል ብለው ፈሩ። ድምሩን አይተው የሄዱ አሉ። የቆዩት ግን የገጠማ ቀን ከኔ ጋር አይጨቃጨቁም።

ከስድስት ወር በኋላ እትዬ ደወሉ። ፓምፑ ያጉረመርማል። እሑድ ሄድኩ፤ ማጣሪያው በፀጉርና በቅባት ተደፍኗል። አጥቤ መለስኩት፤ ድምፁ ጠፋ። «ስንት ልክፈል?» አሉ። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ነበር።

«የመጀመሪያው ዓመት የእጅ ዋጋ ተከፍሏል እትዬ፤ እዚሁ ተጽፏል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን በየጉዞው ያስከፍላል።»

እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። «እሱንም ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ።»