ኮምፒውተሩ ያላገኛቸው ልጆች

ለንደን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ በጥቂት ወራት አለቃዬ ሁለት መዝገብ ሰጠችኝ። አንዱ ፍርድ ቤት የቀረቡ ወጣቶች፣ ሌላው የተማሪዎች መዝገብ ነው። በስም፣ በትውልድ ቀንና በፖስታ ኮድ አገናኝቼ ስንቶቹ ከድሃ ቤት እንደ መጡ ማውጣት ነበረብኝ።

ሥራውን በጉጉት ነው የያዝኩት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 ፖሊስ ቶተንሃም በተባለው የለንደን ሰፈር ማርክ ዱጋን የተባለ ሰው ተኩሶ ከገደለ በኋላ ረብሻው ከተማ ለከተማ ሲዛመት፣ «እነዚህ ልጆች ምን ጎደላቸው?» የማይል አልነበረም። በኦክቶበር የፍትሕ ሚኒስቴር የፍርድ ቤቱን መዝገብ ከትምህርትና ከድጎማ መዝገቦች ጋር አገናኝቶ መልስ ሰጠ። በረብሻው ፍርድ ቤት ቀርበው መረጃቸው ከተገኘ ታዳጊዎች 42 በመቶው የድሃ ቤት ልጆች በመሆናቸው ትምህርት ቤት በነፃ ምሳ የሚበሉ ነበሩ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በጠቅላላ ግን 16 በመቶ ብቻ። ያን ቁጥር እወደው ነበር፤ «መረጃቸው ከተገኘ» የሚለውን ግን ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

በሁለት ቀን ጨርሼ መቶኛዬን አቀረብኩ። አለቃዬ «ያልተገናኙትስ እነማን ናቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዝርዝሩን ስከፍት የአገሬን ስሞች አገኘሁ። ትምህርት ቤቱ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲጽፍ፣ ፍርድ ቤቱ የአያትን ጽፏል። ኃይለ ሚካኤል ለሁለት ተከፍሎ «ኃይለ» የልጁ፣ «ሚካኤል» የአባቱ ስም ሆኗል። የሶማሌዎቹም እንደዚሁ ተዘበራርቋል። ከጊዜያዊ መጠለያ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ የሚዘዋወሩትን ደግሞ የፖስታ ኮዱ ጥሏቸዋል። ድህነታቸውን ልቆጥር የተነሣሁት፣ ከሁሉ የደኸዩትን ከቆጠራው አውጥቼ ኖሯል።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። የትውልድ ቀናቸው የማይታወቅ ስደተኞች ብዙ ጊዜ በጃንዋሪ 1 ይመዘገባሉ። ስማቸውም ቀናቸውም የፖስታ ኮዳቸውም አንድ የሆነ ሁለት መሐመዶችን ኮምፒውተሩ አንድ ሰው አድርጓቸዋል። ፍርድ ቤት ደጅ ያልረገጠ ልጅ በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ተከሳሽ ነበር። ስሞቹ በኋላ ከሰነዱ ይሰረዛሉ ማለት አላጽናናኝም፤ ስሙ ቢሰረዝም ስሕተቱ ቁጥሩ ውስጥ ይቀራል።

አጠራጣሪዎቹን አንድ በአንድ በዓይኔ ለማየት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በአዲሱ ሪፖርት ከመቶኛው በፊት የሚነበበው ያልተገኙት ልጆች ቁጥር ነው።