ከስክንድስ ጋር ወደ ፒሬዎስ

አቴንስ ሄዶ አክሮፖሊስን ሳያይ የሚመለስ የለም። እኔም አይቻለሁ፣ ያምራል። ወደ አቴንስ የወሰደኝ ግን ስክንድስ ነው፤ ከግሪክ ተነስቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ ግዕዝ የገባው ዝምተኛ ፈላስፋ።

ታሪኩን ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። ስክንድስ በትንሽነቱ ለትምህርት ከቤት ይወጣል። እዚያ ሳለ "ንጽሕት ሴት የለችም" የሚል ክፉ ወሬ ይሰማል። አባቱ ከሞተ በኋላ ጸጉሩንና ጺሙን አሳድጎ፣ በትርና ከረጢት ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። እናቱ አላወቀችውም። የሰማውን ሊፈትን፣ አንድ ሌሊት አብራው እንድታድር በገረዷ በኩል ገንዘብ ይልክላታል፣ እሷም እሺ ትላለች። ሌሊቱን ሳይነካት ያድርና ሲነጋ ልጅሽ ነኝ ይላታል። ኀፍረቱን አልቻለችውም፣ ታንቃ ሞተች። እሱም እናቴን የገደላት ምላሴ ነው ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ላይናገር ማለ።

ታሪኩ ልብ ወለድ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ንጉሥና ቦታዎቹ ግን የእውነት ናቸው። ንጉሡ ከ117 እስከ 138 እ.ኤ.አ. ሮምን የገዛው ሐድሪያን ነው። አቴንስን አብዝቶ ይወድ ነበር፣ ዛሬም በየሄዱበት ያገኙታል።

መጀመሪያ ያየሁት በስሙ የሚጠራውን ቅስት በር ነው። መኪና የማያቋርጥበት ትልቅ ጎዳና ዳር ቆሟል። በአክሮፖሊስ በኩል "ይህች አቴና ናት፣ የቀድሞዋ የቴሴዎስ ከተማ" የሚል ተቀርጿል፤ ቴሴዎስ በአፈ ታሪክ የአቴንስ ንጉሥ ነው። በጀርባው ደግሞ ከተማዋ የሐድሪያን እንጂ የቴሴዎስ አይደለችም ይላል። ከበሩ ጀርባ እሱ ያስጨረሰው፣ የጥንት ግሪኮች ዋና አምላክ የዜውስ ቤተ መቅደስ አለ። ግንባታው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከ600 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ከ104 ዓምዶች ዛሬ የቆሙት 15 ናቸው፣ አንዱ በ1852 እ.ኤ.አ. በማዕበል ወድቆ እዚያው ተዘርግቷል። ስሙን እንዲህ በድንጋይ ያስጻፈ ሰው ፊት ቀርቦ፣ እየተጠየቁ አለመመለስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እዚያ ቆሜ ገባኝ።

ሐድሪያን ስክንድስን አስጠርቶ ተናገር ይለዋል። ዝም። ያባብለዋል፣ ዝም። ያስፈራራዋል፣ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ለሰያፊ አሳልፎ ይሰጠዋል። ለሰያፊው ግን በምስጢር ሌላ ትእዛዝ አለው፤ መንገድ ላይ ከተናገረ ግደለው፣ ዝም ካለ መልሰህ አምጣው። የግሪኩ ታሪክ እንደሚለው የሞት ቅጣት የሚፈጸመው ፒሬዎስ ወደብ ላይ ነበር። ሰያፊውም ወደዚያ ይዞት ይወርዳል።

እኔም በእግሬ ወረድኩ። የሆቴሉ ልጅ "ባቡር አለ እኮ!" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከመሃል ከተማው ሞናስቲራኪ ጣቢያ ተሳፍሮ በ20 ደቂቃ አካባቢ መድረስ ይቻላል። እኔ ግን መንገዱን ፈልጌዋለሁ። የፒሬዎስ ጎዳና ከድሮው የጋዝ ፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች አጠገብ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ውበት የለውም። መጋዘን፣ ጋራዥ፣ ቀለም የተረጨበት ግድግዳ፣ ጥላ የሌለው አስፋልት።

መጽሐፉ ላይ ይህ ጉዞ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። በእግር ግን ረጅም ነው። ሰያፊው መንገዱን ሙሉ ያባብለዋል። ለምን በዝምታ ትሞታለህ፣ ተናገርና ዳን ይለዋል። ዳክዬ መሰሏ ነጭ ወፍ እንኳ ልትሞት ስትል ታዜማለች፣ አንተ ምን ሆነህ ነው ይለዋል። ለሁለት ሰዓት ያህል ይህን እየሰሙ መራመድ! አንዴ ብቻ እምቢ ብሎ መገላገል የለም። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ እንደገና እምቢ ማለት ነው። ወደቡ ደርሰው ሰያፊው አንገትህን ዘርጋ ሲለው ዘረጋ። ይሄኔ ይዞት ተመለሰ።

ወደቡ ላይ ወደ ቀርጤስና ወደ ኤጊና ደሴቶች የሚሄዱት ትላልቅ ጀልባዎች አፋቸውን ከፍተው መኪና ይውጣሉ። ሐድሪያን በኋላ ሰሌዳ ሰጥቶ በጽሑፍ ሲጠይቀው ስክንድስ ስለ መርከብም መልሷል፤ መሠረት የሌለው ቤት፣ የተዘጋጀ መቃብር፣ ከእንጨት የተሠራ ወፍ። ሻንጣቸውን እየጎተቱ የሚሮጡትን ሰዎች እያየሁ ይህን አስታወስኩ።

የግሪኩ ጽሑፍ 20 ጥያቄ ነው ያለው፣ የግዕዙ ከዚያ እጅግ ይበዛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ስክንድስን ከኢትዮጵያ ፍልስፍና ጽሑፎች መካከል ያካተቱት ዝም ብለው አይደለም። የኛ ተርጓሚዎች እየጨመሩና እየቀነሱ፣ የራሳቸው እያደረጉ ነበር የሚተረጉሙት ብለው ተከራክረዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

በባቡር ተመልሼ ከሞናስቲራኪ ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የሐድሪያን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የተሠራው በ132 እ.ኤ.አ. ነው። በምሥራቁ ግድግዳ የፓፒረስ ጥቅልሎች ይቀመጡባቸው የነበሩ ባዶ ክፍተቶች ይታያሉ። በታሪኩ መጨረሻ ንጉሡ የስክንድስን መጻሕፍት በተቀደሰው ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ ብሎ ያዛል።

እዚህ ጋ ግን ተናደድኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሴት ምንድን ናት የሚል ነው፣ መልሱም የስድብ ዓይነት ነው፤ ልብስ የለበሰች እፉኝት እስከማለት ይደርሳል። ይህን የጻፈው በእናቱ ሞት ምክንያት ዝም ያለ ሰው ነው! ምላሱን ቀጣ፣ እጁን ግን አልቀጣም። እሱ ስም፣ ንጉሥና ቤተ መጻሕፍት አገኘ፣ እሷ ስም እንኳ የላትም።

ልብ ወለድ የምትጽፉ ካላችሁ ይህን ታሪክ እንደገና ጻፉልን። ከእሷ ጀምሩ፤ ልጇን ለትምህርት ሰዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ በር በሩን ስታይ ከኖረችው ሴት። ያቺ ሌሊት በእሷ በኩል ምን ትመስል እንደነበር ማንበብ እፈልጋለሁ።