የግቢያችን እስስት

ስለ እስስት በጎ ነገር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። አቋሙን የሚለዋውጥ ሰው በስሟ ይሰደባል፤ በሰፈራችንም «መርዛም ናት፣ ከነከሰች አትለቅም» እየተባለ ስለሚወራባት፣ ልጆች ከቅጠል መሃል ባዩዋት ቁጥር ድንጋይ ያነሳሉ። ከግቢያችን የሎሚ ዛፍ ላይ አንዲት እስስት መኖር ከጀመረች ወዲህ ግን ይህ ስም ያለ ሥራዋ የተሰጣት መሆኑን በየዕለቱ ስለማይ፣ ያየሁትንም በባለሙያዎች የተጠናውንም መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ሰፈሩ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ በፕላን የተቆረቆረ በመሆኑ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ግቢዎቹም ዛፍ የበዛባቸው ናቸው። በእኛ ግቢ ከሎሚው ሌላ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ቡገንቪሊያና አንድ ትልቅ ኒም አለ፤ ነፍሳት ስለማይጠፉበት ለእስስት የተመቸ ነው።

ማለዳ ፀሐይ አጥሩን አልፋ ስትገባ ጠቆር ብላ አገኛታለሁ። ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙራ ሰውነቷን እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ታደርጋለች፤ መጥቆሯ ሙቀቱን ቶሎ እንድትስብ ይረዳታል፣ ሞቅ ሲላትም ወደ አረንጓዴነቷ ትመለሳለች። ድመት ከዛፉ ሥር ካየች ደግሞ ሰውነቷን ነፍታ አፏን ትከፍታለች፣ ጎኗም ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ማታ በባትሪ ስፈልጋት ገርጥታ ስለምትተኛ ከቅጠሉ ተለይታ ትታያለች። ቀለሟ የሚለወጠው በሙቀትና በብርድ፣ በፍርሃትና በቁጣ፣ እንዲሁም ከሌላ እስስት ጋር ለመግባባት ነው እንጂ፣ እንደሚባለው ያረፈችበትን ሁሉ ለመምሰል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የማዳጋስካር እስስት ዝርያ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረው እንደሚገኙ፣ እንስሳው ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን፣ ሲቆጣ ደግሞ ተራርቀው ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደላ ብርሃን እንደሚያንጸባርቁ አሳይተዋል። የሚሰማትን በቆዳዋ ላይ አውጥታ የምታሳይን ፍጡር የአስመሳይ ምሳሌ ማድረጋችን በእውነት ያሳዝነኛል።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ስታድን ማየት ነው። ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንደኛው እኔን ሲጠብቅ ሌላኛው ከቅርንጫፉ ጫፍ ያለችውን ዝንብ ይከታተላል። ከዚያ ሁለቱም ዝንቧ ላይ ያርፋሉ፣ በጅራቷ ቅርንጫፉን ጠምጥማ ትይዛለች፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘች አንድ እግሯን ታራምዳለች። ጣቶቿ ለሁለት ተከፍለው ስለተጣበቁ እንጨቱን ከግራና ከቀኝ ጨምድደው ይይዙታል። አፏ ትንሽ ገርበብ ይላል፤ ምላሷ መቼ እንደወጣ ሳላይ ዝንቧ አፏ ውስጥ ትሆናለች። ያ ምላስ ከሰውነቷ ርዝመት በላይ የሚወነጨፍ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ከሰው ምራቅ በ400 እጥፍ ያህል የወፈረ ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ ቆሜ ሳይ አንዲት እናት ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ተጠግተህ? ዓይንህ ላይ ብትተፋብህስ?» አሉኝ። «እማማ፣ መርዝ የላትም፤ ምላሷን የምታወጣው ዝንብ ለመያዝ ነው፣ ይምጡና ይዩ» አልኳቸው። ራቅ ብለው ቆመው አንዲት ፌንጣ ስትይዝ አዩና «ወይ የእግዜር ሥራ!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ያነሳ ልጅ ካዩ የሚቆጡት እርሳቸው ናቸው።

እንዲህ ያለ እንግዳ በግቢው የሚኖር ሰው ማድረግ ያለበት ብዙ አይደለም። እስስት በሳህን የተቀመጠ ውሃ አትጠጣም፤ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው የምትልሰው። ስለዚህ በድሬዳዋ ሙቀት ዛፉን ጠዋት ጠዋት ውሃ መርጨት ይጠቅማታል። የተባይ መድኃኒት ግን እርሷ የምትበላውን ነፍሳት ስለሚመርዝ ከሎሚው ላይ አስቀርተነዋል። ይዞ ቤት ማስገባትም ደግ አይደለም፤ መያዝ እጅግ ያስጨንቃታል።

ሰሞኑን ከዛፉ ወርዳ መሬት ለመሬት ስትሄድ አየናት። ከእስስት ዝርያዎች ሕያው ልጅ የሚወልዱ ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ እርጥብ አፈር ቆፍረው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ አፈሩን መልሰው ካለበሱት በኋላም ትተውት ይሄዳሉ። የእኛዋም ከፓፓያው ሥር ጭንቅላቷን ቀብራ ስትቆፍር ዋለችና አመሻሽ ላይ ሆዷ ጎድሎ ወደ ሎሚው ተመለሰች። አትክልተኛችን ቦታውን ለጎመን ሊኮተኩተው አስቦ ስለነበር «መቼ ይፈለፈላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወራት እንደሚወስድ ነገርኩት። ዙሪያውን በድንጋይ ከለለውና ጎመኑን በኒሙ በኩል ተከለው።